ወደ ኋላ የሚራመድ ፎቶግራፍ አንሺ

(በሬዲዮ ከተሰማው ንግግር የተወሰደ)



ባለፈው ሳምንት በሬዲዮ ያሰማሁትን ንግግር ዛሬ በጽሑፍ ሳቀርብልዎ አስቀድሜ አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎ። በቤትዎ አልበም ከተለጠፉት ወይም በኪስዎ ስልክ ውስጥ ከተከማቹት ፎቶግራፎች መካከል፥ እርስዋን ለማንሣት ሲሉ የወደቁባት፥ ልብስዎን የቀደዱባት፥ ወይም ከሰው የተቀያየሙባት አንዲት እንኳ አትገኝምን? አትገኝም የሚሉኝ ከሆነ፥ ወይ ፎቶግራፍ ማንሣት አይወዱም፤ ወይ ደግሞ እንደ እኔ አፍረው ዝም ብለዋል። እኔ ግን ብዙ ዓመት ሸሽጌ ያኖርሁትን ዛሬ ለመናዘዝ ቆርጫለሁ።

ነገሩ የሆነው በነሐሴ ወር 2009 ዓ.ም. በይፋት ቆላ፥ ጀውሃ ላይ ነው። ወደ ኮምቦልቻ ለመስክ ሥራ ተልኬ ከሁለት ባልደረቦቼና ከሾፌራችን ጋራ እጓዝ ነበር። የደሴን መንገድ የሄደበት ሰው ሁሉ ጀውሃን አልፎታል፤ ቆሞ ያየው ግን ጥቂት ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥተው ደብረ ብርሃንን ካለፉ በኋላ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የፈለፈሉት የጣርማ በር ዋሻ ይጠብቅዎታል። እዚያ ድረስ ኮትዎን ደርበው ይቀመጣሉ። ከዋሻው ወዲያ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ደብረ ሲና ሲወርድ ብርዱ እየለቀቀ ይሄዳል፤ ሸዋ ሮቢት ሲደርሱ የሸሚዝዎን አንገት ይፈታሉ፤ የመኪናውንም መስኮት ይከፍታሉ። በመንገዱ ዳርና ዳር ሽንኩርት ተከምሮ ይሸጣል፤ ማሾ የተዘራበት ማሳ ይታያል። ከሸዋ ሮቢት ወደ አጣዬ ሲያመሩ በመካከል ጀውሃ ይገኛል።

ከተማዪቱ ስምዋን የምትጋራው ወንዝ ከመንዝ ገደል ሥር ሥሩን ወርዶ፥ ሜዳውን አቋርጦ፥ ወደ አዋሽ የሚገሠግሥ ነው። በበጋ ያየው ሰው ወንዝ ነው ለማለት ይቸገራል፤ ጠጠርና አሸዋ ብቻ ነው። በክረምት ግን ሌላ ነው። አገሩም የጥንት መተላለፊያ ነው። ይፋት ከ13ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ እስከ 15ኛው መጀመሪያ ድረስ የሡልጣኖች ግዛት ስም እንደ ነበረ ታሪክ ያስታውሰናል፤ ከባሕር ወደ ደጋ የሚወጣው ነጋዴ በዚህ ቆላ ያልፍ ነበር። ዛሬም አማራው፥ አርጎባው፥ ኦሮሞውና አፋሩ በገበያው ሲገናኙ ይታያሉ፤ ግመልም ከጭነት መኪና ጋራ መንገድ ይጋራል። እንግዲህ ካሜራ የያዘ ሰው እዚህ ሲደርስ ልቡ ቢሸፍት አይፈረድበትም።

ካሜራዬን ከደመወዜ እየቆጠብሁ ነበር የገዛሁት። (የመሥሪያ ቤቱ ንብረት አለመሆኑን በዚህ አጋጣሚ ለንብረት ክፍሉ አረጋግጣለሁ።) በዚያ ወራት በአንድ የፎቶግራፍ ውድድር ለመግባት አስቤ ነበር። ማስታወቂያው «የፈጠራ ችሎታ የሚታይበት» ፎቶግራፍ ይፈልግ ነበር። ጉልበቴን የላጠው፥ ቁርጭምጭሚቴንም ያዞረው፥ ይህ «ፈጠራ» የሚሉት ቃል ነው ብል ሐሰት አይሆንብኝም።

ሾፌራችን ጎማ ሊያስነፋ ሲቆም እኛ ከድልድዩ አጠገብ ካለች አንዲት ሻይ ቤት ገባን። የሻይ ቤትዋ ባለቤት ዕድሜያቸው የገፋ እናት ነበሩ። ከበሩ ላይ ደግሞ አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። በጀውሃ ላይ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ ፀሐዩም ያቃጥላል። በወንዙ ውስጥ የነበረው ውሃ ከቁርጭምጭሚት የሚያልፍ አልነበረም። ልክ በዚያን ጊዜ አንድ ወጣት ጆንያ የተጫኑ ሁለት ግመሎች እየሳበ ከማዶ ወደ ወንዙ ሲወርድ አየሁና ካሜራዬን አንሥቼ ወጣሁ።

ሽማግሌው ወዴት እንደምሄድ ገብቷቸው ኖሮ በበትራቸው ወደ ምዕራብ አመለከቱኝ።

«ልጄ፥ ወዲያ ተመልከት። መንዝ ጠቁሯል። ውሃው ትንሽ ነው ብለህ አትመነው፤ ዋናው ገና መንገድ ላይ ነው።»

«አባባ፥ አምስት ደቂቃ ብቻ ነው» አልኋቸው።

ይህችን «አምስት ደቂቃ» የምትባል ቃል ባለጉዳይ በመስኮታችን ሲቆም ለእርሱም እንናገራታለን። ያን ቀን ግን ለራሴ ተናግሬያት ዋጋዋን አወቅሁ።

አሳቤ እንዲህ ነበር፦ ከውሃው ዳር በሆዴ ተኝቼ፥ ካሜራውን ከጠጠሩ ጋራ አስተካክዬ፥ የግመሎቹ እግሮች እንደ ምሰሶ ገዝፈው፥ ከበታቻቸው ደግሞ ሰማዩ በውሃው ውስጥ ተገልብጦ እንዲታይ ማድረግ። በቢሮ ጫማና በተተኰሰ ሱሪ ተኛሁ። ስተኛ ጎርፍ ያመጣው የግራር እሾኽ ጉልበቴ ላይ ተሰካ፤ ቢሰካም ዝም አልሁ፤ ፈጠራ ነዋ! ግመሎቹ እየቀረቡ ሲመጡ ግን የፊተኛው ራስ ከመስኮቱ ወጣብኝ። ተነሥቼ ወደ ኋላ አንድ ርምጃ ሄድሁ። አሁንም ራሱ አልገባም። ሁለተኛ ርምጃ፤ ሦስተኛ ርምጃ። በአራተኛው ርምጃ ከእግሬ በታች መሬት አልነበረም።

የወደቅሁት ውሃ በቦረቦረው ጉድጓድ ውስጥ ሲሆን ጥልቀቱ ከወገቤ አይበልጥም። እግሬ ግን ከሥሬ ተጠማዝዞ ቀረና ጮኽሁ። በጩኸቴ የፊተኛው ግመል ደንብሮ ወደ ጎን ዘለለ፤ ወጣቱ ገመዱን አልለቅም ቢል ገመዱ በመዳፉ ውስጥ እየፈተገ ሮጠ። አንደኛው ጆንያም ተንሸራትቶ ውሃ ውስጥ ገባ። ይህ ሁሉ ሲሆን ከላይ በኩል እንደ ከባድ መኪና የሚጓራ ድምፅ መሰማት ጀመረ። ሽማግሌው ድምፁን ከእኔ ቀድመው ለይተውት ነበርና በዚያ ዕድሜያቸው ቁልቁል ወርደው ብብቴን ያዙ። ወጣቱም ግመሎቹን ወደ ዳር ነድቶ ተመለሰ፤ በቆሰለው እጁ ሌላውን ብብቴን ያዘ። ጎትተው አወጡኝ። ጥቂት ቆይቶ ጭቃ የመሰለ ውሃ ግንድና ድንጋይ እያንከባለለ መጣ፤ ተኝቼበት የነበረው ጠጠር ከዓይናችን ተሠወረ። አንድ እግር ጫማዬ በዚያው ሄዷል፤ አዋሽ ሳይደርስ አልቀረም።

በሻይ ቤትዋ ውስጥ ወጌሻ ተጠርቶ መጣና እግሬን ዳሰሰ፤ ስብራት ሳይሆን ወለምታ ነው ብሎ በቅቤ እያሸ መለሰልኝ። ስለ ሕመሙ ብዙ አልናገርም፤ የደረሰበት ያውቀዋል። ከፊት ለፊቴ እናቲቱ የወጣቱን መዳፍ በንጹሕ ውሃ እያጠቡ ነበር። ከአውራ ጣቱ ሥር እስከ ትንሿ ጣት ድረስ ቆዳው ተገፎ ነበር። ዓይኔን ከዚያ መዳፍ ማንሣት ተሳነኝ። እርሱ ግን ቀና ብሎ፥

«ጋሼ፥ ፎቶው ወጣልዎት ወይ?» አለኝ።

ከአለቆቼ ብዙ የተግሣጽ ደብዳቤ ተቀብያለሁ፤ እንደዚህ ጥያቄ ግን አንዱም አልከበደኝም። ካሜራውን ከፈትሁና አየሁ። ሦስት እጁ ሰማይ ነው፤ በግራው ጥግ የአንድ ግመል ጆሮ ጫፍ ትታያለች፤ እርስዋም ደብዝዛለች።

ለወጣቱ የመድኃኒቱንና የራሰውን ጆንያ ዋጋ ከፈልሁ፤ አልቀበልም ብሎ እናቲቱ ናቸው የተቆጡትና ያስቀበሉት። ወደ አዲስ አበባ ስመለስ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ገጠመኝ። የአደጋውን ሁኔታ በጽሑፍ እንዳመለክት ታዘዝሁ። ብዙ አሰብሁና «በመስክ ሥራ ላይ ሳለሁ በእግሬ ስሄድ ድንጋይ አዳልጦኝ» ብዬ ጻፍሁ። ድንጋይ እንደ ነበረ እውነት ነው። ስለ ካሜራው፥ ስለ ግመሉና ስለ ሽማግሌው ምክር ግን አንዲት ቃል አልጻፍሁም። ዛሬ ይህን የሚያነብ የሠራተኛ አስተዳደር ባልደረባ ቢኖር ፋይሉን ያርምልኝ።

እግሬ ታስሮ በአልጋ ላይ በተኛሁበት ሰሞን ይህ ነገር በእኔ ብቻ የደረሰ እንደ ሆነ ለማወቅ ማንበብ ጀመርሁ። ብዙ ጓደኞች እንዳሉኝ አወቅሁ፤ አንዳንዶቹም ታላላቅ ሰዎች ናቸው።

በኒው ዮርክ ከተማ ጄኮብ ሪስ የተባለ ጋዜጠኛ ነበረ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1880ዎቹ መጨረሻ የድኾችን ጨለማ ቤቶች ፎቶግራፍ ለማንሣት በዚያን ጊዜ አዲስ የነበረውን የማግኒዝየም ዱቄት ብልጭታ ይጠቀም ነበር። በዚህ ዱቄት ሁለት ጊዜ ቤት አቃጥሏል፤ አንድ ጊዜም የገዛ ልብሱን አቃጥሏል። ከቃጠሎዎቹ አንዱ የደረሰው ዓይነ ስውራን በሚኖሩበት ክፍል ውስጥ ነበረ። እነርሱ እሳቱን አላዩም፤ እርሱ ብቻውን እየተንቀጠቀጠ አጠፋው። በሌላ ቀን ዱቄቱ ፊቱ ላይ ፈንድቶ ዓይኑን ያዳነለት መነጽሩ ነው። የሪስ ፎቶግራፎች ግን እንደ እኔዋ የግመል ጆሮ ከንቱ አልቀሩም፤ የከተማውን ሕዝብ ቀስቅሰው የኪራይ ቤቶች ሕግ እንዲሻሻል ረድተዋል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ ባለቅኔው አርተር ራምቦ ነጋዴ ሆኖ ሐረር ሳለ ከሊዮን ከተማ በብዙ ገንዘብ ካሜራ አስመጥቶ ነበር። በ1875 ዓ.ም. የራሱን መልክ አንሥቶ ለእናቱና ለእኅቱ ሲልክ፥ ፎቶግራፎቹ የነጡት የማጠቢያው ውሃ መጥፎ ስለ ሆነ ነው ብሎ ይቅርታ ጠይቋል። ይህ ሰው በ1879 ዓ.ም. የጦር መሣሪያ ጭኖ ከታጁራ ወደ አንኮበር ሲመጣ የእኛን ቆላ ከላይ ከሚመለከተው ተራራ ላይ ቆሟል። ውሃ በካሜራ ላይ የሚያደርሰውን በደል ከእኔ አስቀድሞ ያወቀ በመሆኑ እንደ ዘመድ እቆጥረዋለሁ።

የመሐመድ አሚን ነገር ግን የሚያስቀልድ አይደለም። ይህ ኬንያዊ የፎቶግራፍና የፊልም ባለሙያ በ1977 ዓ.ም. መጀመሪያ በኮረም ያነሣው ፊልም የረኀቡን ልክ ለዓለም ያሳየ ነው። ግንቦት 27 ቀን 1983 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ ያንን ሊያነሣ ሄዶ ክንዱን አጣ፤ አብሮት የነበረው የድምፅ ሠራተኛም ሞተ። ሰው ሠራሽ ክንድ አስገጥሞ ወደ ሥራው ተመለሰ። በመጨረሻም በኅዳር ወር 1989 ዓ.ም. ተጠልፎ በኮሞሮስ ባሕር ላይ በወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ውስጥ ሕይወቱ አለፈ። እንዲህ ያለው ሰው ክንዱን ያጣው በሥራው ነው። እኔ በምን ሥራ? ይህን ጥያቄ በአልጋዬ ላይ ሳገላብጠው ሰነበትሁ።

ዛሬ ካሜራ በየሰዉ ኪስ ስለ ገባ አደጋውም በዝቷል። የሕንድ ሐኪሞች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2018 ባወጡት ጥናት፥ ከ2011 እስከ 2017 መጨረሻ ባለው ጊዜ ውስጥ ራሳቸውን ፎቶግራፍ ሲያነሡ የሞቱ 259 ሰዎች ከዜና ዘገባ ተቈጥረዋል። ከሁሉ የበዛው አሟሟት መስጠም ነው። እኔም በጀውሃ ዳር ተኝቼ ሳለሁ ከዚህ ቍጥር ብዙ አልራቅሁም ነበር። ደግሞም ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ፀሐይ በጨረቃ ተከልላ በላሊበላ እንደ ቀለበት ስትታይ፥ በሌሎቹም ከተሞች ስንቱ ሰው በባዶ ዓይኑ አንጋጦ ስልኩን እንደ ደቀነ ሁላችን አይተናል። የፀሐይ ጨረር የዓይንን ውስጠኛ ሽፋን ሲጎዳ ሕመም አይሰማም፤ ሰውዬው መጎዳቱን የሚያውቀው ከሰዓታት በኋላ፥ ማንበብ ሲጀምርና ፊደሉ መካከሉ ላይ ሲጠፋበት ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት ብዙ ምርምር አያስፈልግም። ሰው በካሜራ መስኮት ሲመለከት አንድ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ርቀትን አጥርቶ የምንለየው ግን በሁለት ዓይን ነው። ሰፊ ቦታ የሚያሳየው ሌንስ ደግሞ፥ ይኸውም በአብዛኛው ስልክ ላይ ያለው ነው፥ ቅርቡን ነገር አርቆ ያሳያል። ግመሉ ገና ሩቅ ነው ሲሉ አጠገብዎ ነው፤ የገደሉ አፍ ገና ነው ሲሉ ደርሰውበታል። በዚህ ላይ ጆሮ ይደነቍራል። ሽማግሌው የሰሙትን የጎርፍ ድምፅ እኔ ያልሰማሁት ጆሮዬ ከእርሳቸው ጆሮ ያረጀ ሆኖ አይደለም።

ስለዚህ ነው አሁን ፎቶግራፍ ላነሣ ስወጣ አንድ ጓደኛ ከኋላዬ ቀበቶዬን እንዲይዝ የማደርገው። ባልደረቦቼ ይሥቁብኛል፤ ይሣቁ። ወደ ኋላ መራመድ ሲያምረኝ ካሜራውን ዝቅ አድርጌ፥ ዞሬ፥ አይቼ እሄዳለሁ። የአገሩን ሰው ምክርም አምስት ደቂቃ አላስጠብቀውም። ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚከብደኝ ግን የዚያ ወጣት መዳፍ ነው። እኔ የወደቅሁት በገዛ ምኞቴ ነው፤ እርሱ ግን ግመሉን እየሳበ መንገዱን ይሄድ ነበር። እርስዎም በበዓል ቀን ፈረስ ፊት ድንገት ሲቆሙ፥ በሠርግ ቤት ወንበር ላይ ሲወጡ፥ በገበያ ተሸካሚ ሲያስቆሙ፥ የሚወድቀው ማን እንደ ሆነ አስቀድመው ይመልከቱ እላለሁ።

ከዚያ ቀን አንድ ነገር ሳልነግርዎ ቀርቻለሁ። ጉዞ ልንቀጥል ባልደረቦቼ ደግፈውኝ ስወጣ፥ የሻይ ቤትዋ እናት «ይህን ሁሉ መከራ አይተህ ባዶህን ትሄዳለህን? በል እኔን አንሣኝ» አሉኝ። ከበራቸው ላይ ቆሙ፤ በአንድ እጃቸው ማንቆርቆሪያውን፥ በሌላው የልጅ ልጃቸውን ይዘው። እኔም በአንድ እግሬ ቆሜ፥ እያመመኝና እየቸኰልሁ፥ አንድ ጊዜ ተጫንሁ። ለመታወቂያ እንደሚሆን ያለ፥ ፊት ለፊት የተነሣ ፎቶግራፍ ነበር። ለውድድሩ የማይረባ በመሆኑ ሁለተኛ አላየሁትም። የዚያን ቀኑን ሁሉ ልደመስስ ተነሥቼ የተውሁት ስንፍና ይዞኝ ብቻ ነው።

በ2013 ዓ.ም. በአጣዬና በዙሪያዋ ባሉት ከተሞች ላይ የደረሰውን ግጭትና ቃጠሎ ያውቃሉ። ከዚያ ጥቂት ወራት በኋላ ስልኬ ጮኸ። የደወለልኝ የእናቲቱ ልጅ ነው፤ ቍጥሬን ያገኘው ከሾፌራችን ነበር። ሻይ ቤቱ ከነዕቃው ተቃጥሏል፤ ቤተ ሰቡ በደብረ ብርሃን ተጠግቷል። የጠፋባቸውን ንብረት ሲያስመዘግቡ ማስረጃ ተጠይቀዋል፤ ያላቸው ወረቀት ሁሉ ከቤቱ ጋራ ነዷል። «እናቴ፥ ያ እግሩ የታመመው ሰውዬ አንሥቶኛል ትላለች፤ አሁን ይኖር ይሆን?» አለኝ።

ሌሊቱን ሙሉ ፈለግሁ። ከደበዘዙት የግመል እግሮችና ከዚያች ጆሮ ቀጥሎ አገኘሁት። አስፍቼ ሳየው ከእናቲቱ ትከሻ በስተኋላ የቆርቆሮው በር፥ የመደርደሪያው ብርጭቆዎች፥ ማቀዝቀዣውና ሁለት አግዳሚ ወንበሮች ቁልጭ ብለው ይታያሉ። በጥግ ላይ ደግሞ የሽማግሌው በትር ተደግፎ ቆሟል። በትልቁ ሁለት ቅጂ አሳተምሁ፤ አንዱ ለፋይሉ፥ አንዱ ለእርሳቸው።

ደብረ ብርሃን ድረስ ራሴ ወሰድሁላቸው። ፎቶግራፉን ወደ ብርሃን አስጠግተው ብዙ ጊዜ ዝም ብለው አዩት። ብርጭቆዎቹን በጣታቸው አንድ፥ ሁለት እያሉ ቈጠሩ። ከዚያ ቀና ብለው ተቆጡኝ፦

«ነጠላዬ እንዲህ ተጣሞ ሳለ፥ አስተካክይ አትለኝም ነበርን?»